የሚከራይ ቤት፦ ከብድሩ እስከ ተከራዩ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቤት ገዝቶ ማከራየት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ዋጋውን ነው። "በዚህ ዋጋ ይገዛል ወይ?" ይላል። ዋጋው ትልቅ ነገር ነው። ግን እኔ ያየኋቸው የተቸገሩ ባለቤቶች አብዛኞቹ የተቸገሩት ኪራይ ባልገባበት ወር የብድሩ ክፍያ በቀኑ ስለደረሰ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ በዚያ ወር ዙሪያ የሚዞሩ ናቸው። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በፈለጉት ገንዘብ ይተኳቸው፤ ስሌቱ አይለወጥም።

ቤት ላይ ገንዘብ ማዋል የሚያተርፈው ከየት በኩል ነው?

ከሦስት በኩል። አንዱ ኪራዩ ነው። ሌላው የቤቱ ዋጋ ከጊዜ ጋር መጨመሩ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በብድር ከገዙ ከኪራዩ በሚከፍሉት ገንዘብ እዳዎ እየቀለለ ይሄዳል። ተከራዩ ቀስ እያለ ቤቱን ይገዛልዎታል እንደ ማለት ነው።

ሦስቱ ግን እኩል አይታመኑም። ኪራዩን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። እዳው በየወሩ ስንት እንደሚቀንስ አበዳሪው የሚሰጥዎት የክፍያ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል። የዋጋ ጭማሪው ግን ተስፋ ነው። "የቤት ዋጋ ወርዶ አያውቅም" የሚል ሰው ካጋጠመዎት ጃፓንን ያስታውሱት። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋ ከአስር ዓመት በላይ ሲወርድ ኖሯል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የመኖሪያ ቤት ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሩብ በላይ ወርዷል። በዋጋ ጭማሪ ብቻ የሚያዋጣ ቤት መግዛት ቁማር ነው አልልም። የቅርብ ዘመዱ ነው።

ኪራዩ ከዋጋው 8 በመቶ ይሆናል ተባልኩ። ጥሩ ነው?

8 በመቶው ያልተጣራ ነው። ሻጭም ደላላም የሚነግሩዎት ይህንን ቁጥር ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። እስቲ እናጣራው።

ቤቱ 1,000,000 ነው እንበል። በወር 7,000 ይከራያል። በዓመት 84,000፣ ማለትም 8.4 በመቶ። አሁን እንቀንስ። በዓመት አንድ ወር ባዶ ይቀመጣል ብለን 7,000 እናውጣ፤ 77,000 ቀረ። ለጥገና ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ በየዓመቱ መመደብ የተለመደ ነው፤ 10,000 ወጣ፤ 67,000 ቀረ። ኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብርና የሕንፃው የጋራ ወጪ ተደምረው 7,000 ይሁኑ፤ 60,000 ቀረ። የሚያስተዳድርልዎት ሰው ከሰበሰበው ኪራይ 10 በመቶ ይወስዳል፤ 7,700 ወጣ። በእጅዎ የገባው 52,300 ነው።

አላበቃም። ቤቱን ሲገዙ የስም ማዛወሪያ፣ የጠበቃና የደላላ ወጪ ነበረብዎት። እሱን 50,000 ካደረግነው ያወጡት 1,050,000 ሆነ። 52,300 ለ1,050,000 ሲካፈል 5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። 8.4 ተብሎ የተጀመረው ነገር 5 ላይ አረፈ። የገቢ ግብር ገና አልተነሳም።

ይህን የማሳይዎት ላስፈራራዎት አይደለም። 5 በመቶ እንደየሁኔታው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ቤት ሲያወዳድሩ የተጣራውን ከተጣራው ጋር ያወዳድሩ። ኪራዩ ዝቅ ያለ አዲስ ቤት ኪራዩ ከፍ ካለ አሮጌ ቤት የበለጠ ሊያስቀር ይችላል።

በእጄ ባለው ገንዘብ ልግዛ ወይስ ልበደር?

ብድር ማጉያ ነው። ትርፉንም ኪሳራውንም ያጎላል።

ቤቱን ሙሉ በሙሉ በራስዎ ገንዘብ ገዙት እንበል። ዋጋው 10 በመቶ ቢጨምር 10 በመቶ አተረፉ፤ 10 በመቶ ቢወርድ 10 በመቶ ከሰሩ። አሁን ደግሞ 20 በመቶውን ከፍለው 80 በመቶውን ተበደሩ። ዋጋው 10 በመቶ ሲጨምር ያዋሉት ገንዘብ 50 በመቶ አደገ። 10 በመቶ ሲወርድ ግማሹ ተበላ። 20 በመቶ ከወረደ የእርስዎ ድርሻ ዜሮ ነው፤ እዳው ግን አለ።

ከዋጋው መውጣትና መውረድ በላይ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። የብድሩ ወለድ ከተጣራው ኪራይ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከላይ ያለውን ቤት እንውሰድ። 700,000 ቢበደሩና ወለዱ 4 በመቶ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 28,000 ገደማ ነው። ከ52,300 ላይ ሲነሳ 24,300 ይተርፋል። ከኪስዎ ያወጡት 350,000 ስለሆነ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ብድሩ ጠቀመዎት። ወለዱ 12 በመቶ ከሆነስ? የዓመቱ ወለድ 84,000 ገደማ ይሆናል። ኪራዩ ወለዱን እንኳ አልሸፈነም። በየዓመቱ ከ30,000 በላይ ከደሞዝዎ እየጨመሩ ነው ማለት ነው፤ ዋናው እዳ ሳይነካ።

ወለድ ከፍ ባለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ብድር የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው የዋጋ ንረት ነው፤ ገንዘቡ እየረከሰ ሲሄድ እዳውም ይረክሳል፣ ኪራዩ ደግሞ ያድጋል ይላሉ። ሐሳቡ እውነትነት አለው። የዋጋ ንረት በዓመት 12 በመቶ ከሆነ የገንዘብ አቅም በ6 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ 72ን ለ12 ማካፈል ነው። ግን ይህ ስሌት የሚሠራው እነዚያን ዓመታት ሳይንገዳገዱ መክፈል ለቻለ ሰው ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቤቱ ሐራጅ ከወጣ ስድስተኛው ዓመት አይጠቅምዎትም።

አበዳሪው ምን ምን ያያል?

ገቢዎን፣ ሌላ እዳዎን፣ የቀድሞ ብድር አከፋፈልዎን፣ ቤቱን። ቤቱን የሚያየው በራሱ ገማች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። እርስዎ 1,000,000 የተስማሙበትን ቤት ገማቹ 900,000 ቢለው ብድሩ የሚሰላው ከ900,000 ነው። ልዩነቱን እርስዎ ይሞላሉ። ስለዚህ ግምቱ ሳይታወቅ ሙሉውን ቅድመ ክፍያ ለሻጭ አይስጡ። ቀብድ ከሰጡም ብድሩ ካልተፈቀደ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይኑርዎት።

ለኪራይ በሚገዛ ቤት ላይ ብዙ አበዳሪዎች አንድ ተጨማሪ ስሌት ይሠራሉ። የተጣራውን ኪራይ ለዓመቱ የብድር ክፍያ ያካፍላሉ። የተጣራው 60,000 ሆኖ ክፍያው 48,000 ከሆነ 1.25 ይመጣል። ከ1.2 በታች ሲሆን ፊታቸው ይጠቁራል። እርስዎም ይጥቆርብዎት። 1 ማለት አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ ከኪስ ማውጣት ማለት ነው።

ቅድመ ክፍያ ስንት ላድርግ?

የሚጠየቁት ትንሹ መጠን አለ፤ የሚበጅዎት መጠን ደግሞ አለ። ራስ ለሚኖርበት ቤት ከሚጠየቀው ይልቅ ለኪራይ የሚገዛ ቤት ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ አበዳሪው ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚተወው የሚኖርበትን ቤት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

የእኔ አስተያየት፦ ኪራዩ ወጪውንም የብድሩንም ክፍያ ሸፍኖ ትንሽ እስኪተርፍ ድረስ ቅድመ ክፍያውን ከፍ ያድርጉ። ያን ያህል ከሌለዎት ትንሽ ቤት ይግዙ ወይም ይቆዩ። ግን ያለዎትን ሁሉ አሟጠው ቅድመ ክፍያ ላይ አያፍስሱ። ቁልፍ በተረከቡ ማግስት ባዶ ኪስ መሆን ከትልቅ ብድር የከፋ ነው።

የማይለዋወጥ ወለድ ይሻላል ወይስ ተለዋዋጭ?

የማይለዋወጥ ወለድ ሲጀምር ወደድ ሊል ይችላል፤ ትርፍ የከፈሉት ለእንቅልፍዎ ነው። ተለዋዋጩ ሲጀምር ይረክሳል፤ ሲጨምር ግን ሳያስፈቅድዎት ነው። 1,000,000 በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር በ12 በመቶ ወርሃዊ ክፍያው 11,011 ገደማ ነው። ወለዱ ከመነሻው 15 በመቶ ቢሆን 13,168 ይሆናል። ወለዱ ሦስት ነጥብ ሲጨምር ክፍያው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያድጋል። ኪራይዎ በአንድ አምስተኛ ያድግ ይሆን?

ስያሜውም ያሳስታል። በአሜሪካ ለ30 ዓመት ሙሉ የማይለወጥ ወለድ የተለመደ ነው። እንደ እንግሊዝና ካናዳ ባሉ አገሮች ግን "ቋሚ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ለ2 ወይም ለ5 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በወቅቱ ወለድ ይታደሳል። ስለዚህ "ቋሚ ነው" ሲሉዎት "እስከ መቼ?" ብለው ይጠይቁ። ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ ወለዱ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ፣ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚከለስና ጣሪያ እንዳለው ውሉ ላይ ያንብቡ።

የመክፈያው ጊዜ ሲረዝም አይሻልም? ወርሃዊው ይቀንሳል።

ይቀንሳል፤ ግን ያሰቡትን ያህል አይደለም። ያው 1,000,000 በ12 በመቶ በ20 ዓመት ወርሃዊው 11,011 ነው ብለናል። በ15 ዓመት 12,002 ነው። በወር ልዩነቱ አንድ ሺህ አይሞላም። ጠቅላላ የሚከፍሉት ግን በ20 ዓመት 2,642,000 አካባቢ፣ በ15 ዓመት 2,160,000 አካባቢ ነው። ወደ 480,000 የሚጠጋ ልዩነት።

ሰዎችን የሚያስቆጣቸው ሌላም ነገር አለ። በ20 ዓመቱ ብድር የመጀመሪያውን 11,011 ሲከፍሉ 10,000ው ወለድ ነው። እዳዎ የቀነሰው በ1,011 ብቻ ነው። አስር ዓመት ሳያቋርጡ ከፍለው ቀሪውን ሲጠይቁ 767,000 አካባቢ ይሉዎታል። ማንም አላታለለዎትም። ወለድ የሚሰላው በቀሪው እዳ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ክፍያውን ወለዱ ይበላዋል፣ ዋናው እዳ የሚቀልለው ወደ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ዋናውን እዳ ይቀንሱ። ከዚያ በፊት ግን ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለው ውሉን ይዩ።

እኔ ብሆን ረጅሙን ጊዜ እመርጥና ቅጣት ከሌለ እንደ አጭሩ እከፍላለሁ። ክፉ ወር ሲመጣ ወደ ዝቅተኛው ክፍያ መመለስ ይቻላል። አጭሩን ከፈረሙ ግን መመለሻ የለም።

ወለድ መክፈል አልፈልግም። አማራጭ አለ?

ከወለድ ነፃ የፋይናንስ አገልግሎት የሚሰጡ ተቋማት አሉ። አንዱ መንገድ ሙራባሃ ይባላል። ተቋሙ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በተወሰነ ዋጋ ለእርስዎ በክፍያ ይሸጣል። ሌላው እየቀነሰ የሚሄድ ሽርክና ነው። ቤቱን አብራችሁ ትገዛላችሁ፤ እርስዎ የተቋሙን ድርሻ በየጊዜው እየገዙ፣ በቀረው ድርሻ ልክ ኪራይ ይከፍላሉ። በመጨረሻ ቤቱ የእርስዎ ይሆናል። ወጪያቸው ከወለድ ብድር ያንሳል ብለው ግን አይገምቱ። ጠቅላላ የሚከፍሉትን ደምረው ያወዳድሩ።

ገና ያላለቀ ቤት በክፍያ ልግዛ? ይረክሳል ይሉኛል።

ይረክሳል። የሚረክሰው ግን አደጋውን እርስዎ ስለተሸከሙት ነው። ገንቢው በእርስዎ ገንዘብ ነው የሚሠራው።

ሦስት ነገሮችን አጥብቀው ይመልከቱ። መጀመሪያ ክፍያው ከምን ጋር እንደታሰረ። በቀን የታሰረ ክፍያ ሥራው ቢቆምም ይቀጥላል። በግንባታው ደረጃ የታሰረ ክፍያ ግን መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲመታ ይህን ያህል እያለ ይሄዳል፤ የሚሻለውም ይኸኛው ነው። ገንዘቡ ገንቢው እንደፈለገ የማያንቀሳቅሰው የአደራ ሒሳብ ውስጥ ከገባ ደግሞ እጅግ ጥሩ።

ሁለተኛ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ። "የግንባታ ዕቃ ዋጋ ቢጨምር..." ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ይፈልጉ። ጣሪያ ከሌለው የገዙት ቤት ዋጋ አይታወቅም ማለት ነው።

ሦስተኛ ስፋቱ። "መቶ ካሬ" የተባለው ቤት ከደረጃው፣ ከአሳንሰሩና ከኮሪደሩ የሚደርስዎትን ድርሻ ያካተተ ሊሆን ይችላል። የጋራው 20 በመቶ ከሆነ ገብተው የሚኖሩበት 80 ካሬ ነው፤ ተከራይም ኪራይ የሚከፍለው ለ80ው ነው። ውሉ ላይ የተጣራው ስፋት ለብቻው ይጻፍ።

መዘግየቱንም ስሌት ውስጥ ያስገቡት። ቤቱ ሁለት ዓመት ከዘገየ የሁለት ዓመት ኪራይ የለም። ብዙ ጊዜ "በርካሽ ገዛሁ" የተባለውን ልዩነት ይህ ብቻውን ይጨርሰዋል። የዘገየበት ቀን ካሳ ውሉ ላይ በቁጥር ካልተቀመጠ ደግሞ በቃል የሚሰጥ ማጽናኛ ብቻ ነው የሚያገኙት።

መጠባበቂያ ስንት ልያዝ?

ቢያንስ የስድስት ወር የብድር ክፍያና ወጪ። ኪራዩ ውስጥ ያልተቀላቀለ፣ በሌላ ሒሳብ የተቀመጠ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከዚያም በላይ ቢሆን አይከፋም፤ ሻጩ ሸፍኖት የሄደው እርጥበት የሚወጣው ያኔ ነው።

ለራስዎ አንድ ቁጥር ያውጡ፦ በዓመት ስንት ወር ከተከራየ ነው የማይከስረው? በወር 7,000 የሚከራይ ቤት የዓመቱ ወጪና የብድር ክፍያው ተደምሮ 70,000 ከሆነ አስር ወር መከራየት አለበት። ሁለት ወር ባዶ ቢቀር ይችሉታል። ሦስተኛው ከኪስ ነው። ቁጥሩ አሥራ አንድ ተኩል ከወጣ ቤቱን አይግዙት።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ወረቀቱን በባለሙያ ያስፈትሹ፤ ባለቤትነቱ፣ እዳና እገዳው፣ የክርክር መዝገብ፣ ያልተከፈለ ግብር። የትዳር ጓደኛና ወራሾች ፈቃድም እንዳይረሳ። ይህንን በዘመድ ምክር አይለፉት።

ቤቱን ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ይዩት። ቀለም አዲስ የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። የውሃውን ግፊት ማለዳ ይሞክሩ። ማታ ተመልሰው ሰፈሩን ይስሙት። እዚያ ከሚኖር ተከራይ ጋር አሥር ደቂቃ ማውራት ሻጩ በሁለት ሰዓት የማይነግርዎትን ያሳውቃል።

ኪራዩን እንዴት ልተምን?

ጎረቤት የጠየቀውን ሳይሆን ጎረቤት የተከፈለውን ይመልከቱ። ማስታወቂያ ላይ ሁለት ወር የቆየ ቤት ዋጋው ትክክል አይደለም ማለት ነው።

ዋጋ ቀንሶ ማከራየት ብዙዎችን ያንገበግባቸዋል። ግን ይሰላ። ከ7,000 ላይ 5 በመቶ ቢቀንሱ በወር 350፣ በዓመት 4,200 ነው። ቤቱ 18 ቀን ባዶ ቢቀር ያው 4,200 ሄደ። "የምፈልገውን ዋጋ የሚከፍል ይመጣል" ብሎ ሁለት ወር የጠበቀ ሰው 14,000 ከፍሎ ነው የጠበቀው።

በቀኑ የሚከፍል፣ ቤቱን በጥንቃቄ የሚይዝ ተከራይ ካለዎት ጭማሪውን ከገበያው ትንሽ ዝቅ ያድርጉለት። ልግስና አይምሰልዎት። ተከራይ ሲቀየር ቀለሙ፣ ደላላው፣ ባዶው ወር አለ።

ጥሩ ተከራይ በምን ይታወቃል?

በአነጋገር አይታወቅም። በገቢው፣ በሥራውና በቀድሞ አከራዩ ይታወቃል። ኪራዩ ከገቢው ሲሶ ገደማ ካለፈ ቆይቶ መቸገሩ አይቀርም። መታወቂያውን ይዩ፤ የሥራ ደብዳቤ ወይም የገቢ ማስረጃ ይጠይቁ። አከራዩን ሲጠይቁ አሁን ያለበትን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውንም ይጠይቁ። የአሁኑ አከራይ እንዲለቅለት ፈልጎ ሊያሞካሸው ይችላል፤ የቀደመው ግን ምንም አይጎድልበትም።

ሰውን በሃይማኖቱ፣ በዘሩ ወይም ልጆች ስላሉት መምረጥ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። ነውርም ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መስፈርት ይኑርዎት፤ ጻፉት፤ እሱን ይጠይቁ።

ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ላከራይ?

ካከራዩት እንደማንም ሰው ውል ይፈርሙ። ሊምሩት ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያውኑ ቀንሰው ውሉ ላይ ያስገቡት። እኔ ግን አልመክርም። የዘመድ ኪራይ ሲዘገይ ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ በዓሉም ይቀዘቅዛል።

ውሉ ላይ ምን ይኑር?

ኪራዩ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዘገየ ክፍያ ምን እንደሚያስከትል፣ ዋጋው መቼና እንዴት እንደሚከለስ፣ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል፣ የትኛውን ጥገና ማን እንደሚሸፍን፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር። ማስያዣው ስንት እንደሆነና በምን ምክንያት እንደሚቆረጥም በግልጽ ይጻፍ።

በርክክቡ ቀን ቤቱን ክፍል በክፍል ፎቶ አንሱ፤ ቆጣሪዎቹንም። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪውን ሳልመዘግብ ቁልፍ ሰጥቼ፣ የሦስት ወር ቀሪ ሒሳብ በስሜ መጣ። ከተከራዩ ጋር መከራከር አልቻልኩም። ምን ይዤ? አሁን ሁለታችን ቆጣሪው ፊት ቆመን ቁጥሩን እንጽፋለን፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስያዣውን አይጠቀሙበት። የእርስዎ አይደለም፤ አደራ ነው። ለብቻው ያስቀምጡት። ተከራዩ ሲለቅ የቆረጡት ነገር ካለ ከደረሰኝ ጋር ያሳዩት። በአገልግሎት ብዛት የደበዘዘ ቀለም ጉዳት አይባልም፤ የተሰበረ በር ነው ጉዳት።

ተከራዩ መክፈል ቢያቆም ምን ላድርግ?

በመጀመሪያው ሳምንት ይደውሉ። ብዙ አከራይ በይሉኝታ ዝም ይልና ሦስት ወር ከተጠራቀመ በኋላ በቁጣ ይነሳል። ያኔ ተከራዩም ቢፈልግ መክፈል አይችልም።

ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ከሆነና እስከዚያ ጥሩ ከፋይ ከነበረ ቀሪውን በስንት ወር እንደሚያቃልል ተስማምታችሁ ጻፉት። የማይሆን ከሆነ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡና በሕጉ መንገድ ይሂዱ። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት በብዙ አገር ሕገ ወጥ ነው። የተበደለው አከራይ በዚህ አንድ ቀን ተከሳሽ ይሆናል።

አንዳንዴ ርካሹ መንገድ ያናድዳል፦ ቀሪውን ምሮ፣ ለዕቃ ማጓጓዣ ትንሽ ሰጥቶ፣ ቤቱን በሰላም መረከብ። ፍርድ ቤት ስድስት ወር ከሚፈጅ ይሻላል። እልህ ግን ስሌት አያውቅም።

ራሴ ላስተዳድር ወይስ ለድርጅት ልስጥ?

አንድ ሁለት ቤት በአቅራቢያዎ ካለ ራስዎ ይሞክሩት። ቢያንስ ዓመት ያህል ራሱ ያላስተዳደረ ሰው አስተዳዳሪው ሲያጭበረብረው አይነቃም። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር የሚኖሩ ከሆነ ግን ሰው ያስፈልግዎታል።

ክፍያው ብዙ ጊዜ ከተሰበሰበው ኪራይ ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። ከመቶኛው በላይ ሌሎቹን ይጠይቁ፤ ተከራይ ሲያስገባ ለብቻው ያስከፍላል? በጥገና ላይ ይጨምራል? ቤቱ ባዶ ሲሆንም ይከፈለዋል? ባዶ ሲሆን የሚከፈለው አስተዳዳሪ ተከራይ ለመፈለግ አይቸኩልም። ከተወሰነ መጠን በላይ ያለ ጥገና ሳያስፈቅድዎት እንዳይሠራ ጣሪያ ያስቀምጡ። ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ሒሳብ ይግባ።

ወንድም ወይም አጎት ኃላፊነቱን ሲወስድ ደግሞ ክፍያ ይመድቡለት። በነፃ የሚሠራ ሰው አይጠየቅም።

ከጓደኛዬ ጋር በጋራ ብንገዛስ?

አቅም ያሰፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስለ መለያየት ተነጋገሩ። አንዱ መሸጥ ቢፈልግ ሌላው በምን ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አለው? አንዱ የወሩን ድርሻ ባይከፍል? አንዱ ቢሞት ከወራሾቹ ጋር እንዴት ትቀጥላላችሁ? ብድሩ ላይ ሁለታችሁም ከፈረማችሁ ደግሞ አበዳሪው "ግማሽ ግማሽ" አይልም፤ ሙሉውን ከተገኘው ሰው ሊጠይቅ ይችላል።

ቤት ሳልገዛ በቤት ኪራይ ገበያ መግባት እችላለሁ?

በአንዳንድ አገሮች ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ፣ አሁን በብዙ አገሮች ያለ፣ ሪት (REIT) የሚባል አሠራር አለ። አንድ ኩባንያ የሚከራዩ ሕንፃዎች ይይዛል፣ እርስዎ አክሲዮኑን ይገዛሉ። የአሜሪካው ሕግ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለድርሻ እንዲያከፋፍል ያስገድደዋል። ሌሊት ስለ ቧንቧ የሚደውል ተከራይ የለም። በሌላ በኩል የአክሲዮኑ ዋጋ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፤ ያንን እያዩ መተኛት ለማይችል ሰው አይሆንም።

ግብሩንስ?

ከአገር አገር ስለሚለይ ዝርዝሩን የአካባቢዎን የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ። ብዙ ቦታ ግን ደረሰኝ ያልተያዘለት ወጪ ከግብሩ ስሌት ላይ አይቀነስም። ለጥገና የከፈሉትን፣ የኢንሹራንሱን፣ የወለዱን ወረቀት በቀኑ ያስቀምጡ። ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ መተው አይበቃም፤ ስልክ ይጠፋል።

መቼ ልሽጥ?

በየዓመቱ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ቤት ዛሬ በዚህ ዋጋ ለሽያጭ ቢቀርብ፣ ኪራዩ ይህ ከሆነ፣ እገዛው ነበር? የቤቱ ዋጋ እጥፍ ሆኖ ኪራዩ ባለበት ከቆመ፣ በትርፍ ተቀምጠዋል፤ ከኪራዩ የሚያገኙት መቶኛ ግን በዛሬው ዋጋ ሲሰላ ከበፊቱ በግማሽ ወርዷል ማለት ነው። ትልቅ ጥገና ሲቃረብም ይታያል፤ ጣሪያው፣ አሳንሰሩ፣ የቧንቧው መስመር።

ቶሎ ቶሎ መሸጥ ግን አያዋጣም። መግዣና መሸጫ ወጪው ተደምሮ የሁለት ዓመት ኪራይ ሊበላ ይችላል። ለመሸጥ ከወሰኑ ተከራዩን አስቀድመው ይንገሩት። ገዢው ሰው ያለበትን ቤት ይፈልግ ይሆናል፤ ካልፈለገም ተከራዩ ሌላ ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ይኑረው። ማስያዣውንም ለአዲሱ ባለቤት ማስተላለፍዎን ወይም ለተከራዩ መመለስዎን በጽሑፍ ይያዙ፤ ሽያጭ ላይ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው።